ያንቺ በስተቀኝ፣ የኔ ከመውጫው

እታለም፣

ካንቺ ከተለየን ሁለት የሲግድ በዓል አልፎ ሦስተኛው እየመጣ ነው። ይህን ያህል ጊዜ አንዲት መስመር ሳልጽፍልሽ መቆየቴን ከኩርፊያ እንዳትቆጥሪው። ድሮም የማወራው እኔ፣ የምትሰሚው አንቺ ነበርሽ፤ አሁንም እሱ አልተቀየረም። ልዩነቱ፣ ያኔ እየሰማሽኝ ሽንኩርት ትልጪ ነበር፣ ሲበዛብሽም ቢላዋውን አስቀምጠሽ በዓይንሽ ብቻ “በቃህ” ትይኝ ነበር። አሁን የሚያስቆመኝ ስለሌለ ደብዳቤው ሊረዝም ይችላል።

ከቤትሽ ልጀምር። ልጅሽ ያኤል ቤቱን አልለቀቀችም። የሕንጻችሁ አሳንሰር ታድሷል። እስራኤል መጥተን ፔታ ቲክቫ ከተማ የገባን ሰሞን “እዚህ ሳጥን ውስጥ ስትገቢ ሻሎም ካላልሽው በሩን አይከፍትልሽም” ብዬሽ አንድ ወር ሙሉ ግድግዳውን ሰላም ስትይ ከርመሽ ነበር። ውሸቴን ከደረስሽበት በኋላም አልተውሽውም፤ “አሁን ብተወው ቅር ይለዋል” አልሽኝ። አዲሱ አሳንሰር ራሱ ይናገራል። ፎቁን ይጠራል፣ በሩ ሊዘጋ ነው ይላል። ብትኖሪ መልስ ስትሰጪው ፎቅሽ ያልፍሽ ነበር።

ሩሲያዊቷ ጎረቤትሽ በረንዳሽ ላይ ያለውን ጤና አዳም እያጠጣች አንድ ክንድ አሳድጋዋለች። ምን እንደሚደረግበት ስለማታውቅ ሾርባዋ ውስጥ ትጨምረዋለች፤ አንድ ቀን አቀመሰችኝ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበላት። ያኤል ትምህርቷን ጨርሳ ዘንድሮ ራማት ቬርበር ሰፈር በሚገኝ ትምህርት ቤት ማስተማር ጀምራለች። በአማርኛ ስጠይቃት አሁንም በዕብራይስጥ ነው የምትመልስልኝ፤ ወደ አማርኛ የምትመለሰው ስትናደድብኝ ብቻ ነው። በዚህ ምክንያት አማርኛዋ እንዳይጠፋ ብዬ አልፎ አልፎ አናድዳታለሁ።

መቃብርሽንም አልረሳነውም። ሃያ ዓመት ሰጉላ ሰፈር ፋብሪካ ውስጥ ዕቃ ስታሽጊ ኖረሽ እዚያው ሰጉላ መካነ መቃብር መተኛትሽን ሳይ፣ “ይቺ ሴት ዛሬም የጠዋቱ አውቶቡስ እንዳያመልጣት ሰግታ ነው” እላለሁ። ያኤል ትስቃለች። ከዚያ ድንጋዩን በእጇ ታብስና ፊቷ ይለወጣል።

ብዕር ያነሳሁትም በዚህ በሚለወጠው ፊቷ ምክንያት ነው። ልጅሽ ሁለት ዓመት ሙሉ ብቻዋን ልትሸከመው የማይገባትን በደል ተሸክማ ስትኖር እያየሁ ዝም ብያለሁ። ዝምታ የኔ ሙያ እንዳልሆነ ታውቂያለሽ። ለዚህ አንድ ነገር ብቻ ቻልኩበት።

ከመጀመሪያው ልነሣ። ሐምሳ ዓመት ስላለፈሽ የጤና መድን ድርጅቱ የኩፓት ሆሊም ሐኪምሽ ትልቁ አንጀትሽ በካሜራ ይታይ ብሎ የላከሽን ጊዜ አትረሺውም። ከምርመራው በፊት አንጀትን የሚያጥብ ጨዋማ መድኃኒት በውሃ ተበጥብጦ በሁለት ዙር ይጠጣል። የሚበላውና የማይበላውም በዕብራይስጥ ተጽፎ ተሰጥቶሽ ነበር። የመጀመሪያውን ዙር እንደምንም ዋጥሽው። ሁለተኛው አልወርድ ሲልሽ ለኔ ደወልሽ። ማማረር እንኳ አታውቂበትም፤ “ትንሽ ይከብዳል” ብቻ ነው ያልሽኝ።

እኔ ደግሞ ሊቅ ነኛ። የትምህርት ቤት ደጃፍ ሳልረግጥ ፊደሉን ከጋዜጣ መጠቅለያ፣ ዕብራይስጡን ከአውቶቡስ ማስታወቂያ የለቀምኩ ሰው ነኝ፤ “አላውቅም” ማለት ነውር ይመስለኝ ነበር። “እናታችን ሆድ ሲደርቅ ምን ነበር የምትሰጠን? ተልባ አይደለም እንዴ? ይህን የባሕር ውሃ ድፊውና ተልባ በማር በጥብጠሽ ጠጪ፤ እንደ መጥረጊያ ጠርጎ ያወጣልሻል” አልኩሽ። አመንሽኝ። በአሳንሰሩ ነገር አንድ ወር ያታለልኩሽን ሰው በአንጀትሽ ነገር አመንሽኝ። አንድ ጆግ ሙሉ፣ ሳታጠልዪው፣ ከነፍሬው ጠጣሽው። ፍሬ ያለው ነገር ሁሉ ከምርመራው ቀናት ቀድሞ ክልክል መሆኑ ወረቀቱ ላይ ነበር። ወረቀቱን ያነበበ ግን አልነበረም።

በማግስቱ ሐኪሙ የታየውን ያህል አየና የውጤት ወረቀት ሰጠሽ። ፎቶ አንስተሽ ለያኤል ላክሽላት። ያኔ ወታደር ነበረች፤ ሰልፍ ልትገባ እየሮጠች ከላይ ያለውን አንብባ “በሰደር፣ ደህና ነው እማ፣ ምንም አልተገኘም” የሚል የድምፅ መልእክት ላከችልሽ። እኔም በዚያው ሳምንት ቤትሽ መጥቼ ስለ ተልባዬ ፎከርኩ። “የነዚህ ሰዎች መድኃኒትና የእናቴ ጓዳ!” እያልኩ። አንቺ ፈገግ ብለሽ ምሳ አቀረብሽልኝ።

ከሁለት ዓመት በኋላ ገረጣሽ። ደረጃ ሲያደክምሽ “ዕድሜ ነው” አልሽ። ሕመም የለም፣ ደም አይታይ፣ ሆድሽም እንደወትሮው። የደም ማነስ ነው ተብሎ ክኒን ተሰጠሽ፤ ክኒኑ አልበቃ ሲል እንደገና ገብተው አዩ። አንጀትሽ መነሻ ላይ፣ በቀኝ በኩል፣ እንደ ምንጣፍ ተዘርግቶ የተኛ ዕጢ ነበር፤ ወደ ውስጥም ዘልቋል። የመጀመሪያው ወረቀት ላይ ከታች “የቀኙ ክፍል በደንብ አልታየም፣ ምርመራው ይደገም” የሚል እንደነበረ የነገሩን ያን ጊዜ ነው። የዚያን ቀን የያኤልን ፊት አንቺ አላየሽውም፤ ከአልጋሽ ራስጌ ቆማ ነበር። እኔ አይቼዋለሁ።

በሐዘንሽ ሦስተኛ ቀን፣ ቤቱ በለቅሶተኛ ሞልቶ ሳለ፣ ልጅሽ እጄን ይዛ ወደ ወጥ ቤት ወሰደችኝ። እንደምታውቂው “ዶድ” ነው የምትለኝ፣ በነሱ ቋንቋ አጎት ማለት ነው። “ዶድ፣ እማን የገደልኳት እኔ ነኝ። ወረቀቱን ያነበብኩላት እኔ ነኝ” አለችኝ። እኔ ጋ የተልባው ጆግ ምስጢር ነበር። አፌ ድረስ መጣ። ራሷን ደባበስኩና “እናትሽ ብትሰማሽ በማንኪያ ነበር የምትመታሽ” አልኳት። በእንባዋ መሐል ሳቀች። ያቺን ሳቅ እንደ ጥሩ ሥራ ቆጥሬ ሁለት ዓመት ተኛሁባት።

ወንድም በመሆኔ እኔም መታየት እንዳለብኝ ሐኪሞቹ ያኔውኑ ነግረውኝ ነበር። አንዴ ወገቤን፣ አንዴ በዓሉን፣ አንዴ ሙቀቱን አመካኘሁ። እውነቱን ለመናገር ካሜራውን አልፈራሁም፤ የፈራሁት ያንን የመመሪያ ወረቀት ነው። ዘንድሮ ታዲያ ደም ማየት ጀመርኩ። “ሚጥሚጣ ነው” አልኩ ለራሴ። አንድ ቅዳሜ ምሳ ላይ ለያኤል “ያንቺ ሚጥሚጣ ሲገባም ሲወጣም ነው የሚያቃጥለው፣ ደሙን ካየሁት ወር አልፎኛል” ብዬ ቀለድኩ። አልሳቀችም። ሰንበት እስኪወጣ ብቻ ጠበቀችና ቀጠሮ ያዘችልኝ።

መድኃኒቱን በምጠጣበት ቀን ከትምህርት ቤት በቀጥታ መጣች። ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ በቀይ እስክሪብቶ ታሰምርበት ጀመር። ምን እንደበላሁ በየቀኑ ስትጠይቀኝ ሰንብታለች፤ አሁን ደግሞ የመጨረሻውን ፈተና ልትሰጠኝ ነው። ዳቦው ነጭ ነበር? ሰሊጥ? ኪያር ከነፍሬው? ከዚያ አንድ ቃል ላይ ቆመችና በአማርኛ ምን እንደሚባል ጠየቀችኝ። ከዕብራይስጡ አጠገብ ትንሽ የፍሬ ሥዕል ነበረበት። “ተልባ” አልኳት። ደግማ “ተልባ” አለችና በቀዩ ጻፈችው። አሁን ነው፣ አሁን ተናገር አልኩ በሆዴ። አፌን ከፍቼ የተናገርኩት ግን “አይዞሽ፣ ሁለተኛውን ብርጭቆ ጠጥቼ ብሞት ውርሴን ለመንግሥት አላወርስም፣ ላንቺ ነው” የሚል ነበር።

ሁለቱንም ዙር ጠጣሁት። እታለም፣ “ትንሽ ይከብዳል” ያልሽው ይህን ነበር? አንቺ ሴት በሕይወትሽ አንድ ቀን እንኳ አጋንነሽ ብትናገሪ ኖሮ።

ካሜራውን ያስገባችው ወጣት ሐኪም ናት። ስነቃ ስለ ትዳሯ ጠየቅኳት፤ እሷ ስለ አንጀቴ ነገረችኝ። ከመውጫው አጠገብ ሰፊ ጠፍጣፋ ዕጢ አለ፤ ወደ ላይ አላደገም፣ ወደ ጎን ነው የተዘረጋው። ስለ እህቴ ነገርኳትና “ታዲያ ያው በሽታ ነው?” አልኳት። “ዘመዱ ነው፣ ጠባዩ ግን እንደ ቦታው ይለያያል” አለች። አልገባኝም ብዬ ወረቀት አቀረብኩላት። እኔ ነገር በሥዕል ካልሆነ አይገባኝም፤ ያለ አስተማሪ ያደገ ሰው መላው ይኸው ነው።

ትልቁን አንጀት እንደ በር መቃን ሣለችልኝ። በቀኝ ከሥር ይነሳል፣ ወደ ላይ ይወጣል፣ ሆድን ያቋርጣል፣ በግራ ይወርድና ወደ መውጫው ይሄዳል። ቀኙ ሰፊ ነው፣ ግድግዳው ስስ፣ እጥፋቱም ብዙ ነው። እዚያ የሚዘረጉት ብዙ ጊዜ ለስላሳ ናቸው፤ ከግድግዳው ቀለም አይለዩም፣ ከእጥፋት ኋላ ይተኛሉ፣ ስስ ንፍጥ ወይም ቅሪት ከላያቸው ካለ ጭራሽ አይታዩም። በዚያ በኩል የሚያልፈው ገና ውሃ መሰል ስለሆነ የሚዘጋ የለም፣ ሰውየውም አያመውም፤ ቢደማም ደሙ እስኪወጣ ተደባልቆ ዓይን አያየውም። እንደኔው መውጫው አጠገብ ያሉት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሰፋፊ ናቸው፤ ላያቸው የተበተነ ሽምብራ ይመስላል፣ አንዳንዴም መሐላቸው ትልቅ ጉብታ አለ፣ ሲነኩ ይደማሉ፣ ራሳቸውን ያሳያሉ። “ታዲያ የኔ ትልቁ አይብስም?” አልኳት። መጠን ብቻውን አይፈርድም አለች። ለስላሳው ትንሽ ሆኖም ወደ ውስጥ ሊሰርግ ይችላል፤ ባለ ሽምብራው ሰፍቶም ላይ ላዩን ሊቀር ይችላል፣ ትልቁ ጉብታው ግን ተቆርጦ በማጉያ ሳይታይ አይታመንም። ሁሉም ሰው ላይ እንዲህ ነው ማለት እንዳልሆነም ሁለት ጊዜ ነገረችኝ።

ሥዕሉን አጣጥፌ ኪሴ ከተትኩ። ሳቅ መጣብኝ፣ እታለም። ያንቺው እንዳንቺ፣ የኔው እንደኔ። ያንቺ ከጥግ፣ ከእጥፋት ኋላ፣ ማንንም ላያስቸግር ተኝቶ። የኔ በር ላይ ተኮፍሶ፣ ደም እየረጨ፣ “አለሁ” እያለ። ሳቁ ሲያልፍ የቀረውን ጥያቄ ጠየቅኳት። “ፍሬ የሸፈነው እንደሆነስ? ባይሸፍነው ያዩት ነበር?” እንዲህ ያለው ለስላሳ፣ አንጀቱ ንጹሕ ሆኖ እንኳ ከጎበዝ ዓይን የሚያመልጥበት ጊዜ አለ፤ ካልጸዳ ደግሞ ይበልጥ ያመልጣል፤ የእህትህን ነገር ግን እርግጠኛ ሆኖ የሚነግርህ ሰው አታገኝም አለችኝ። ማረችኝም፣ ፈረደችብኝም ማለት አልቻልኩም።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ከሥሩ ፈሳሽ ወግተው አነሡትና በአንድ ቁራጭ አወጡት። ማጉያው ሥር ታየ፤ አልሰረገም። ውጤቱን የሰማን ቀን ያኤል ግቢው ውስጥ ባለ አግዳሚ ወንበር ላይ አቀፈችኝ። “የአንተን በጊዜ አነበብኩት” አለችኝ በዕብራይስጥ። ይህን ስትል እያለቀሰች ነበር። ከዚያ በላይ ልታገሥ አልቻልኩም። ነገርኳት። ጨዋማውን ማስደፋቴን፣ ተልባውን፣ ማሩን፣ ፉከራዬን።

እጇን ከትከሻዬ አነሣች። በአማርኛ ጠየቀችኝ። “ስንት ብርጭቆ?” አለችኝ። አንድ ጆግ አልኳት። “ወጥ ቤት ስነግርህ ይህን ታውቅ ነበር?” አለችኝ። አውቅ ነበር አልኩ። ተነሥታ መኪናውን አመጣች፣ የኋላውን በር ከፈተችልኝ፤ ከጎኗ ሁልጊዜ እኔ ነበርኩ የምቀመጠው። ቤቴ አውርዳኝ ሄደች።

ዐሥራ አንድ ቀን አልደወለችም። እኔም አልደወልኩም። ሁለት አርብ ያለ እሷ ድምፅ ገባ። ስልኩን እያነሣሁ ቀልድ አዘጋጅቼ መልሼ አስቀምጥ ነበር፤ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀልድ ሲያስጠላኝ አየሁ።

በዐሥራ ሁለተኛው ቀን በሩ ተንኳኳ። ያኤል ናት፤ በእጇ ያንን የመጀመሪያውን የውጤት ወረቀትሽን ይዛለች። ሳጥንሽ ውስጥ ከተልባ እግር ነጠላሽ ሥር አስቀምጠሽው ኖሯል። እስከዚያ ቀን ድረስ ሙሉውን አንብባው እንደማታውቅ ነገረችኝ፤ እጇ እምቢ ይላት ነበር። “አብረን እናንብበው” አለችኝ። ጎን ለጎን ተቀመጥን። እሷ በዕብራይስጥ ታነባለች፣ እኔ ወደ አማርኛ እመልሳለሁ፣ ስሳሳት ታርመኛለች። ወደ መሐሉ ስንደርስ “ቅሪት” ከሚለው አጠገብ “ፍሬዎች” የሚል አለ። እዚያ ላይ መተርጎሜን አቆምኩ፤ ጠበቀችኝ። ከሥሩ ሦስት መስመር ዝቅ ብሎ “ይደገም” ይላል። እዚያ ላይ ደግሞ እሷ ማንበቧን አቆመች፤ እኔም ጠበቅኳት። ሐኪሟ ያለችኝን፣ ንጹሕም ቢሆን ሊያመልጥ ይችል እንደነበር፣ ሳልጨምር ሳልቀንስ ነገርኳት።

ከዚያ በአማርኛ፣ “ሁለት ዓመት ሙሉ ብቻዬን ነበርኩ፣ ዶድ” አለችኝ። ራሷን ልደባብስ እጄን ስዘረጋ አልፈቀደችም። “ተናድጄብሃለሁ። ገና አልጨረስኩም። ሻይ ግን አፍላ” አለችኝ። ተነሥቼ አፈላሁ። ሁለት ብርጭቆ ጠጣች። ከዚያ ወዲህ በየአርቡ ትደውላለች፤ ጥያቄዋ አጭር ነው፣ ቋንቋዋ እስካሁን አማርኛ ነው። ንዴቷ አላለቀም ማለት ነው፤ ይሁን፣ ድርሻዬ ነው። ባለፈው ግን መቃብርሽ ላይ ድንጋዩን ስታብስ ፊቷን አየሁት። አዝኖ ነበር፣ እንደማንኛውም እናቱ እንደሞተችበት ልጅ። ያ ሌላው ነገር አልነበረበትም።

አሁን የመጣሁት ወደሚያስፈራኝ ነው። የሚመጣው ሳምንት አዝካራሽ ነው፣ የዓመት መታሰቢያሽ። ዘመድ ሁሉ ይሰበሰባል፤ ከሮሽ ሃዓይን ከተማ የአክስታችን ልጅ ሙሉም ትመጣለች። በሚመጣው ወር ለሙሉ ያው ምርመራ ተቀጥሮላታል። ባለፈው ደውላ “ያ መድኃኒት አስቀያሚ ነው አሉ፤ ሰው ሁሉ ተልባ ይሻላል ይላል፣ አንተ አዋቂው ምን ትላለህ?” አለችኝ። ቁጭ ብዬ ነበር፤ ተነሥቼ ቆምኩ። ስንት ቤት ውስጥ ስንት እንደኔ ያለ ሊቅ እንዳለ አሰብኩ። ለያኤል ስነግራት “ለሷ ብቻ አትንገር፤ አዝካራው ላይ ቆመህ ለሁሉም ንገር። አንተን ይሰሙሃል” አለችኝ። የሚሰሙኝ ስለማስቃቸው እንደሆነ ታውቃለች። ስጀምር ቀልድ መስሏቸው ይስቃሉ፤ እስኪገባቸው መታገሥ አለብኝ። ከገባቸው በኋላ በምን ዓይን እንደሚያዩኝ አላውቅም። ያኤል ወረቀቱን ይዛ ከጎኔ እንደምትቆምና የራሷን መስመር ራሷ እንደምትናገር ነግራኛለች። አይሆንም ብላት አልሰማችኝም፤ በዚህ ባንቺ አልወጣችም።

እታለም፣ እስከ ዛሬ ስምሽ ሲነሣ የማወራው ደግነትሽን ብቻ ነበር፤ እሱ ለኔም ይቀለኝ ነበር። ከእንግዲህ በሕይወት እስካለሁ ድረስ በየዓመቱ እንዴት እንደኖርሽም እንዴት እንደሞትሽም እናገራለሁ፣ የኔን ድርሻ ሳላስቀር። ያኤል ለንግግሩ አንዲት ቀልድ ብቻ ፈቅዳልኛለች፤ ያቺም ቀልድ ከእውነቱ በኋላ ናት።

ወንድምሽ